ከ«ሥራህ ምንድን ነው?» እስከ ሪፖርቱ፦ ሐኪሙና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ

(ለሕክምናና ለኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ የቢሮ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። «ሐኪም በሥራ ምክንያት የመጣን በሽታ ለመንግሥት አካል ያሳውቅ» ሲባል ብዙው ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ቅጽ፣ ማኅተምና አቧራ የለበሰ የመዝገብ መደርደሪያ ነው። እኔ ግን ጉዳዩን የማየው ከዚያ በፊት ካለው ቦታ፣ ከምርመራው ክፍል ተነሥቼ ነው። ምርመራ የሚያበቃው መድኃኒቱ ሲታዘዝ ነው ወይስ ሕመሙ የመጣበት ስፍራ ሲታወቅ? ክርክሬ በዚህ ላይ ነው። ዓመታትን ስጠቅስ፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በ1700 በጣሊያን የሞዴና ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታዎች የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ታማሚን ሲጠይቋቸው በኖሩት ጥያቄዎች ላይ አንዲት አጭር ጥያቄ እንድትጨመር አሳሰበ፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» የምትለዋን። ይህችን ጥያቄ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናታል፤ በፈተናም ተጠይቀናታል። በተጨናነቀ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስንቶቻችን እንደምንጠይቃት ለየራሳችሁ እተወዋለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከጥያቄዋ በኋላ የሚሆነው ነው። ታማሚው «ድንጋይ ጠራቢ ነኝ» ብሎ መለሰ እንበል። ሐኪሙም መልሱን በካርዱ ላይ ጻፈ። ካርዱ ወደ ካርድ ክፍል ተመለሰ። ድንጋዩ የሚጠረብበት ስፍራ ግን ምንም አልሰማም። እዚያው አጠገቡ ሆነው ያንኑ አቧራ የሚተነፍሱት ባልደረቦቹም አልሰሙም።

አንድ ሐኪም ብቻውን ምን ያህል ሊያይ እንደሚችል የሚያሳይ፣ ከቅርብ ዘመን የተወሰደ ታሪክ ልንገራችሁ። ቦታው አሜሪካ፣ የሚዙሪ ግዛት ነው። እዚያ በማይክሮዌቭ የሚፈካ ፈንዲሻ የሚያመርት አንድ ፋብሪካ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት በፋብሪካው ከሠሩ ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ እየሳሉና ትንፋሽ እያጠራቸው ወደየሐኪሞቻቸው ይሄዱ ጀመር። አንዱ አስም ነው ተባለ፤ ሌላው ኤምፊዚማ፣ ሌላው የሳንባ ምች። እያንዳንዱ ሐኪም አንድ ታማሚ አየ፤ ለአንድ ታማሚ የሚሆን ስም ሰጠ። ምርመራዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ የሚያሳፍሩ አልነበሩም። በግንቦት 2000 ግን የሙያ ጤና ሐኪም የሆነ አንድ ሰው የስምንት የቀድሞ ሠራተኞችን ሁኔታ አንድ ላይ ለማየት ዕድል አገኘና ለግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት አሳወቀ። ሕመማቸው ብሮንኪዮላይትስ ኦብሊተራንስ ከሚባለው፣ ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎችን ጠባሳ ከሚደፍን በሽታ ጋር የሚመሳሰል ነበር። ከስምንቱ አራቱ የሳንባ ንቅለ ተከላ ተራ እስከ መጠበቅ ደርሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። የፌዴራሉ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም መርማሪዎች በዚያው ዓመት ወደ ፋብሪካው ገብተው በሥራ ላይ የነበሩ 117 ሠራተኞችን መረመሩ። የአየር ቧንቧ መጥበብ በሌላው ሕዝብ ላይ ከሚጠበቀው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። መንሥኤው የቅቤ ጣዕም ለመስጠት ከሚጨመረው ቅመም፣ በተለይ ዳይአሴታይል ከተባለው ኬሚካል፣ የሚወጣው ተን መሆኑ ተደረሰበት። ሰው ሲበላው ጉዳት የማይጠረጠርበት ነገር፣ ሞቆ ሲተነፍሱት ሳንባን የሚያበላሽ ሆነ። በሌሎች ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ሕሙማን ተገኙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስደነግጠኝ ኬሚካሉ አይደለም። ስምንቱን ሰዎች በአንድ ሐኪም ፊት ያሰባሰባቸው የጤና ሥርዓቱ አልነበረም፤ የጠበቃ ቢሮ ነበር። ሠራተኞቹ ካሣ ፈልገው ወደ ጠበቃ ባይሄዱ ኖሮ፣ ያ ሐኪም ስምንቱን አንድ ላይ አያያቸውም ነበር። እንግዲህ ሪፖርት ማለት፣ ሌላ ሌላው ሁሉ ቀርቶ፣ ይህ ነው፦ በየብቻቸው ሲታዩ ትርጉም የማይሰጡ ታማሚዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት መንገድ። ያ ጠረጴዛ የጠበቃ እንዳይሆን ከፈለግን ራሳችን ማዘጋጀት አለብን።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ብሪታንያ በ1895 ባወጣችው የፋብሪካዎች ሕግ ሐኪሞችን በግልጽ ግዴታ ውስጥ አስገባች። የተመረጡት በሽታዎች አራት ነበሩ፤ የእርሳስ መመረዝ፣ የፎስፈረስ መመረዝ፣ የአርሴኒክ መመረዝና አባ ሰንጋ። አባ ሰንጋ እዚህ ውስጥ መግባቱ እንዳያስገርማችሁ፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሱፍና ቆዳ የሚያራግፉና የሚለዩ ሠራተኞች በሽታ ነበርና። ሕጉ ከሐኪሙ የጠየቀው ማስታወቂያ አጭር ነው፤ የታማሚው ስምና አድራሻ፣ በሐኪሙ አስተያየት የያዘው በሽታ ምን እንደሆነ። ይህም ለንደን ለሚገኘው ዋና የፋብሪካዎች ተቆጣጣሪ ይላካል። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሐኪሙ ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ ይከፈለዋል፤ ሳይልክ ቢቀር እስከ 40 ሺሊንግ ይቀጣል። (ተማሪዎች ስለ ክፍያው ስሰማችሁ ፈገግ ብላችኋል። ፈገግታችሁ ተገቢ ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ ግን የሐኪምን ጊዜ በነፃ እንደማይገኝ ዕቃ መቁጠራቸውን እኔ ከዕውቀት እቆጥርላቸዋለሁ።)

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ከገንዘቡ ይልቅ አንድን ግሥ ነው። ሕጉ በሽታው ከፋብሪካ መምጣቱን «ያረጋገጠ» ሐኪም አላለም፤ ታማሚው እንዲህ ባለ በሽታ መያዙን «የሚያምን» ሐኪም ነው ያለው። ማረጋገጡ የተቆጣጣሪው ሥራ ነበር። ሐኪሙ ደወሉን ይመታል፤ እሳት መኖር አለመኖሩን ሄዶ የሚያየው ሌላ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ብዙ ሐኪሞች ከሪፖርት የሚታቀቡት ይህን የሥራ ክፍፍል ባለማወቅ ይመስለኛል። «እርግጠኛ አይደለሁም» ይላሉ። እርግጠኛ እንዲሆኑ የጠየቃቸው የለም።

በ1898 ቶማስ ሌጅ የተባለ ሐኪም የመጀመሪያው የፋብሪካዎች የሕክምና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ሌጅ ከየሐኪሙ የሚመጡትን ማስታወቂያዎች እየቆጠረ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ መጡበት ፋብሪካ ይወስዳቸው ነበር። የትኛው የሥራ ዘርፍ፣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው የአሠራር ደረጃ ሰውን እንደሚመርዝ ለየ። በ1900 ከአንድ ሺሕ በላይ የእርሳስ መመረዝ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። በሸክላ ፋብሪካዎች የዕቃውን ገጽ ለማስዋብ በሚቀባው እርሳስ፣ በነጭ የቀለም ፋብሪካዎችም በሚነሣው ብናኝ የሚመረዙት ብዙዎች ነበሩ። ብናኙን ከሠራተኛው አፍና አፍንጫ ርቆ የሚስብ መሣሪያ መትከል፣ እርሳሱን ከሌላ ነገር ጋር አቅልጦ ሟሚነቱን መቀነስ፣ የሠራተኞችን ጤና በየጊዜው መመርመር እየተስፋፋ ሄደ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በዓመት የሚመዘገቡት ሕሙማን ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ሌጅ ራሱ በ1926 ሥራውን ለቀቀ፤ ምክንያቱም መንግሥቱ ነጭ እርሳስን በቤት ውስጥ ቀለም ላይ የሚከለክለውን የ1921ዱን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት አላጸድቅም በማለቱ ነበር። ቁጥሮቹን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው በመሆኑ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም።

የዚያው ሕግ ሌላ ገጽ ደግሞ አለ። በለንደን ክብሪት ይሠራ የነበረው ብራያንት ኤንድ ሜይ በነጭ ፎስፈረስ ይጠቀም ነበር። የነጭ ፎስፈረስ ተን የመንጋጋን አጥንት ይገድላል፤ መንጋጋው ይመግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ይወጣል። ድርጅቱ 17 ሕሙማንን ሳያሳውቅ ደብቆ በመገኘቱ በ1898 ተከሶ 25 ፓውንድ ከ9 ሺሊንግ ተቀጣ። ሂሳቡን ሠርታችሁ ከሆነ፣ ለአንድ መንጋጋ አንድ ፓውንድ ተኩል ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ሕግ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሕመምተኛውን የሚያየው ባለሙያ የሚቆመው ከማን ጋር ነው የሚለው ጥያቄ ከሕጉ ይቀድማል። ሆኖም የተደበቀው በመውጣቱ ነገሩ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆነ፤ በ1906 በበርን ከተማ ነጭ ፎስፈረስን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ፣ ብሪታንያም በ1908 ሕግ አወጣች።

የፋብሪካ ሐኪም ሁሉ ይደብቃል እንዳትሉብኝ ግን ተቃራኒውን ላንሣ። በ1974 መጀመሪያ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ፣ ከፖሊቪኒል ክሎራይድ ፕላስቲክ የሚያመርት ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ሦስቱ አንጂዮሳርኮማ በተባለ የጉበት ካንሰር መሞታቸውን ያስተዋለው የፋብሪካው የራሱ ሐኪም ጆን ክሪች ነበር። በሽታው እጅግ ብርቅ ነው፤ አንድ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ሁሉ አንድም ላያጋጥመው ይችላል። ሦስት በአንድ ግቢ ውስጥ ሲገኝ ዕጣ ፈንታ ሊባል አይችልም። ነገሩ ለመንግሥት ተነገረ። በዚያው ዓመት በፋብሪካ አየር ውስጥ የተፈቀደው የቪኒል ክሎራይድ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 500 እጅ ወደ 1 እጅ እንዲወርድ የሚያዝዝ ደንብ ወጣ። ሦስት ታማሚዎችና አንድ ንቁ ሐኪም ይህን አደረጉ። እንዲህ ያለው ጥርት ያለ ምሳሌ ግን አሳሳች ጎን አለው፤ የሥራ በሽታዎች አብዛኞቹ ብርቅ አይደሉምና። አስም፣ የቆዳ መቆጣት፣ የጆሮ መደንዘዝ፣ የወገብ ሕመም ናቸው፤ በየቀኑ የምናያቸውና ከሌላው የማይለዩ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ1991 በታተመ ጥናት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዕጣ የተመረጡ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ነበር። ጥጡ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43 ከመቶ፣ በሚባዘትበት ክፍል ከሚሠሩት ደግሞ 37 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ፣ ማለትም ከጥጥ ብናኝ የሚመጣው የሳንባ በሽታ ተገኘባቸው። ይህን በሽታ ለመጠርጠር ራጅ አያስፈልግም፤ «ከእረፍት ቀን በኋላ ሥራ ሲገቡ ደረትዎን ይጨንቅዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በሽታው የሚታወቀው የሳምንቱ መጀመሪያ ቀን በሚያመጣው የደረት መጨነቅ ነውና። ጥናቱ ከታተመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ አዳዲስ የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ተከፍተዋል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ተሠርተዋል። ያ ጥናት ተመራማሪዎች ወደ ፋብሪካው ሄደው ያገኙት ነው። ከእኛ ከሐኪሞች ካርድ ላይ ተነሥቶ የመጣ አልነበረም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ተመራማሪ የጥናት ገንዘብ ሲኖረው ይሄዳል፣ ሲያልቅበት ይመለሳል። ሕመምተኛው ግን በየሳምንቱ ወደ እኛ ይመጣል።

ሕጋችን ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋንና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አስቡት። እግሩ በማሽን የተቆረጠ ሠራተኛ በአሠሪው ዐይን ፊት ተጎድቷል፤ አሠሪው ሊመዘግበው ይችላል። ለ15 ዓመት ብናኝ ተንፍሶ፣ ሥራውን ትቶ፣ ወደ ትውልድ ቀበሌው ተመልሶ በዚያ ጤና ጣቢያ የሚያስለውን ሰው ግን አሠሪው ከየት ያየዋል? በሽታን የሚያየው ሐኪም ነው። የጤናው ዘርፍ በበኩሉ ሪፖርት የሚቀበልበት የዳበረ ሥርዓት አለው፤ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በኩል ወዲያውኑና በየሳምንቱ የሚላኩ በሽታዎች ዝርዝር። ዝርዝሩ በአመዛኙ የወረርሽኝ በሽታዎች ነው። አባ ሰንጋ እዚያም አለ፤ የገባው ግን እንደ ብሪታንያው ሕግ በሠራተኛ በር አይደለም፣ በእንስሳትና በወረርሽኝ በር ነው። ስለዚህ በሽታው በጤናው ቤት፣ የሥራ ቦታው በሥራና ክህሎት ቤት ይኖራሉ፤ በመካከላቸው ያለው በር ብዙ ጊዜ የሚከፈት አይመስለኝም።

ሐኪሞች ሪፖርት የማያደርጉት ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ «ሥልጠና ስለሌላቸው» የሚል ነው፤ ስለዚህም አውደ ጥናት ይዘጋጃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል። ሥልጠናን አልነቅፍም፤ ዋናው ምክንያት ግን ይህ አይመስለኝም። ዋናው ሪፖርቱ መልስ የማያገኝ መሆኑ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጥሎ የውኃ ድምፅ ያልሰማ ሰው ሁለተኛ አይጥልም።

በዚህ ረገድ ብሪታንያ በ1989 የጀመረችው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ አሠራር ብዙ ያስተምራል። የሳንባና የሙያ ጤና ሐኪሞች በሥራ ምክንያት የመጡ የሳንባ በሽታዎችን በካርድ ይልኩ ጀመር። የታማሚው ስም አይጠየቅም። መስፈርቱ «በሥራው ምክንያት የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ ይበልጣል ወይ?» የሚል ብቻ ነው። ከጊዜ በኋላ አብዛኞቹ ሐኪሞች በዓመት ውስጥ በዕጣ በደረሳቸው አንድ ወር ብቻ እንዲልኩ ተደረገ፤ የዓመቱ ድምር በስሌት ይገመታል። ሰውን ዓመቱን ሙሉ ቅጽ ሙላ ብሎ ከማድከም፣ አንድ ወር በትጋት እንዲሞላ መጠየቅ ብልኅነት ነው። ውጤቱም ለላኪዎቹ ተመልሶ ይነገራቸው ነበር። በዚህ መንገድ የመኪና ቀለም ቀቢዎችን የሚጎዱት አይሶሳያኔቶችና የዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄት ከዋነኞቹ የአስም መንሥኤዎች መሆናቸው ጎልቶ ወጣ።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ከባድ ነው፤ በቀላሉ ላልፈው አልወድም። ሐኪሙ ሪፖርት ቢያደርግ ታማሚው ከሥራ ሊባረር ይችላል። ይህ ሥጋት የሐኪም ሰበብ ነው ብዬ አላጣጥለውም፤ እውነተኛ ነው። የቀን ሠራተኛ ወይም በጊዜያዊ ውል የተቀጠረ ሰው «ሳንባህ ተጎድቷል» የሚል ወረቀት ይዞ ወደ አሠሪው ቢሄድ፣ የሚጠብቀው ካሣ ሳይሆን ስንብት ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያች ደመወዝ ነው። ታማሚው «ዶክተር፣ እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ» ቢል ምን እናድርግ?

የእኔ አቋም ይህ ነው። የታማሚ ምስጢር የታማሚው ነው፤ ስሙን ያለ ፈቃዱ አሳልፎ መስጠት በሌላ ሰው እንጀራ መቀለድ ነው። የሥራ ቦታው ግን ምስጢር አይደለም። «በዚህ ዓይነት ሥራ፣ በዚህ ክፍለ ከተማ፣ ይህን የመሰለ ሕመም አይቻለሁ» የሚል ማስታወቂያ ያለ ስም መላክ ይቻላል። ሁለት ሠራተኛ ብቻ ያለበት ጋራዥ ከሆነ ይህም ያጋልጣልና፣ እዚያ ላይ ቆም ብሎ ከታማሚው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪውም የሚሄደው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለዘርፉ ሁሉ የተመደበ ቁጥጥር አስመስሎ ቢሆን ይመረጣል። ታማሚው እምቢ ቢልም ጉዳዩ አያበቃም። ሦስተኛው፣ አራተኛው ታማሚ ከዚያው ስፍራ ሲመጣ ማንነቱ በቁጥሩ ውስጥ ይሸፈናል፤ ያን ጊዜ ፈቃዱ እንደገና ይጠየቅ።

ለእናንተ ለተማሪዎች በተግባር ልናገር። ነገ በተመላላሽ ክፍል ስትቀመጡ፣ በታማሚው ካርድ ላይ «ሠራተኛ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ይህ ቃል ምንም አይናገርም። ምን እንደሚሠራ፣ በእጁ ምን እንደሚነካ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር፣ በእረፍት ቀኑ ይሻለው እንደሆነ፣ አጠገቡ የሚሠሩት እንደሚያሙ ጠይቁ። ሦስት ደቂቃ አይወስድም። አክታው ለቲቢ ሁለት ጊዜ ነጋቲቭ የወጣለት ድንጋይ ጠራቢ ሲመጣባችሁ ሲሊካን አስቡ፤ ፖዘቲቭ ሲወጣም አስቡ፣ ሲሊኮሲስ ለቲቢ በር ይከፍታልና። ከአበባ እርሻ የመጣች ሴት ራስ ምታት፣ ላብና የዐይን ብዥታ አለኝ ስትል፣ መቼ እንደተረጨና ከረጩ በኋላ በስንት ሰዓት እንደገባች ጠይቁ።

ለክፍሎቻችሁ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል በሳንባ፣ በቆዳና በድንገተኛ ክፍሎቹ ውስጥ አንድ ደብተር ያስቀምጥ። በዓመት ሁለት ወር ብቻ ይሞላ። ስም አይጻፍበት። አምስት ዓምድ ይኑረው፤ ዕድሜና ጾታ፣ ሕመም፣ ሥራ፣ የሥራው አካባቢ፣ ሐኪሙ ከሥራው ጋር ያያያዘው በምን ምክንያት እንደሆነ። በየመንፈቁ ተጠቃሎ አንድ ቅጂ ለክልሉ ጤና ቢሮ፣ አንድ ቅጂ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ይላክ። ሁለቱም ለመልስ ካልቸኮሉ፣ ውጤቱ ቢያንስ በጠዋቱ የክፍል ስብሰባ ላይ ለሞሉት ሐኪሞች ይነበብ። የመጀመሪያው ዓመት ደብተር ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አያስደንግጣችሁ። የሁለተኛው ዓመት ብዙ ጊዜ ይሞላል፣ በሽታው ስለ በዛ ሳይሆን መጠየቅ ስለ ተለመደ። ያኔ «በእናንተ ዘመን በሽታ ጨመረ» የሚል ባለሥልጣን ይመጣል፤ ይህን ልዩነት በደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ከወዲሁ ማስረዳት ይጠቅማል።

ደብተሩ ከሦስቱ ክፍሎች በየትኛው እንደሚጀመርና የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች በማጠቃለሉ ሥራ እንዴት እንደሚሳተፉ ለመወያየት ቀሪውን ጊዜ ለእናንተ ጥያቄ እተዋለሁ።